የፌስቡክ ደቦ በአያ ይስማው ማሳ

ደግነት ደስታ እንደሚያመጣ የነገረኝ ስልኬ ነው። አንድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣቴን ወደ ላይ ስገፋ፣ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ብቅ አለና «ዛሬ ለማያውቁት ሰው አንድ ደግ ቃል ይጻፉ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎዎት ይውላሉ» አለ። ሐኪም የሚያዘው ክኒን እንኳ ከምግብ በኋላ ነው፣ ከምግብ በፊት ነው የሚል ጣጣ አለው፤ ይህ ግን ፊት ሳይታጠቡም ይወሰዳል። እዚያው ሆኜ ለአንዲት ዲግሪዋን ለያዘች ልጅ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብዬ ጻፍሁ። ልጅቷ ልብ ላከችልኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነው፤ በማውጣትና በመመለስ መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በሙሉ ለደግነት አዋልሁት። ለታመመው «ይማርህ»፣ ለተመረቀው «እንኳን ደስ ያለህ»፣ ላገቡት «የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» እላለሁ። አንድ ጊዜ ፍጥነት በዝቶብኝ፣ ባሏን መፍታቷን የጻፈችውንም ሴት የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ ብያታለሁ። አንዱ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ሰደበኝና «ተባረክ ወንድሜ» ብዬ መለስሁለት። ባሰበት። ዘር ማንዘሬን ጨምሮ ሰደበኝ፤ ዘር ማንዘሩን ጨምሬ መረቅሁት።

ባለቤቴ ብርቱካን ነገሩን አልወደደችውም። አንድ ጠዋት ከቦኖ የቀዳችውን ውኃ ተሸክማ ስትገባ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሞያሌ መንገድ ላይ ጎማ ለፈነዳበት ሾፌር «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» እያልሁ ነበር። በሩ ላይ ቆመችና «በል ፎቶ አንሣኝና ለጥፈኝ፤ ፌስቡክ ላይ ስታየኝ ምናልባት ታዝንልኝ ይሆናል» አለች። ተነሥቼ ጀሪካኑን ተቀበልኋት። ማስቀመጫው ጋ ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ሾፌሩ አመስግኖኝ ነው። ጀሪካኑን መሐል ቤት ላይ አስቀምጬ ሄጄ አነበብሁት።

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር ላይ ነው። እናኑ የምትባል ቡሬ የምትማር ልጅ የአባቷን ፎቶ ለጠፈች። ሽማግሌው የደረሰ ጤፍ መሐል ቆመው በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘዋል። ከሥሩ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ነበር፦ «የአባቴ ጤፍ ደርሷል። ወገቡን በጣም አሞታል። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው። ደመናው ደግሞ ከአሁኑ መዞር ጀምሯል። በጸሎት አስቡን።»

የደረሰ ጤፍ ዝናብ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ለከተማ ሰው ላስረዳ። ይተኛል። ፍሬው ይረግፋል፣ ያልረገፈው ይጠቁራል። ዓመት ሙሉ የተለፋበት እህል በአንድ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። እናኑ ይህን አውቃ የጠየቀችው ጸሎት ብቻ ነው፤ ጸሎት ብጽፍላት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። እኔ ግን ደግነቴ ሞልቶ ፈሰሰና «አይዞሽ እህቴ። የአንቺ አባት የሁላችንም አባት ነው። ማጭዴን ስዬ ቅዳሜ ከች እላለሁ!» ብዬ ጻፍሁ።

ማጭድ እንደሌለኝ ያኔ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ልቦቹ ናቸው። እንደዚያ ቀን ልብ ዘንቦልኝ አያውቅም። ከእኔ ሥር ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተረባረበ። አንዱ «እኔም አለሁ» አለ። ሌላው «ከአዴት ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ» አለ። የሽንዲ ልጅ የሆነ መምህር «ተማሪዎቼን አሰልፌ እደርሳለሁ» ብሎ ጻፈ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሳይቀር «ከጎናችሁ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ናቲ አንበሳው የሚባል፣ ፀጉሩን ወደ ላይ ያቆመ፣ ክንዱን አሳብጦ ፎቶ የተነሣ ወጣት ደግሞ «ግማሹን ማሳ ለእኔ ተዉልኝ! ብቻዬን ነው የምጨርሰው!» አለ። እኔ የጀመርሁት ነገር እንዲህ ሲቀጣጠል ሳይ ደረቴ ተነፋ።

ከመሐል አንድ ቄስ ገቡና «ልጆቼ፣ ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ በሰንበት አይታጨድም» ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነው፣ የገጠር ሰው ቅዳሜ ማጭድ አያነሣም። ይኸኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ነገር ግን አስተባባሪ ሆኛለሁ። ካሌንደር አየሁ፣ በዓል የሌለበት ቀን ፈለግሁና «እንግዲያው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይሁን» ብዬ ወሰንሁ። ሁሉም «ሐሙስ! ሐሙስ!» አሉ። ሐሙስ የሥራ ቀን መሆኑ ግድ አልሰጠኝም፤ የሚሄድ ሰው ነው ስለ ሥራ ቀን የሚጨነቀው።

በማግስቱ እናኑ በኢንቦክስ መጣች። «ጋሼ፣ የጻፉትን ለአባቴ በስልክ አነበብሁለት። የማን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ የአባትዎን ስም ነገርሁት። እናትዎ የእኛ ደብር ሰው ነበሩ አይደል? አባቴ ያውቃቸዋል። የእርሷ ልጅ ቃል ከሰጠ አይቀርም አለ። ጎረቤቶቻችን በወንፈል የኛን ለማጨድ ሐሙስን ይዘውልን ነበር፤ እኔ ሰው አግኝቻለሁ፣ እናንተ የሌላውን እጨዱ ብሎ ተራውን ለቀቀላቸው። እናቴም ጠላውን ጠንስሳለች። እግዚአብሔር ይስጥልን ብላችሁ ንገሩልኝ ብሏል።»

ይህን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ወንፈል ማለት ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ እየተባባሉ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ተራ ከለቀቁ ቶሎ አይገኝም። የደቦ ቃል ደግሞ በገጠር ጠላ የሚጠመቅበት ቃል ነው። «እመጣለሁ» ያለ ሰው ታስቦ ይጠነሰስለታል፣ ወጥ ይሠራለታል፣ መቀመጫ ይዘጋጅለታል። ሽማግሌው ኮሜንቱን በሙሉ እንደዚያ ነው የሰሙት። ልጅቷን «አይ፣ እኛ እኮ ለማጽናናት ያህል ነው» ልላት ጻፍሁ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍሁ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁላት ልብ ነው።

ለብርቱካን ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች፣ መከዳውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ «ትሄዳለህ» አለች።

«መሄዱንስ እሄዳለሁ፤ ማጨድ እችላለሁ ወይ?»

«ስትጽፍ ትችል አልነበር?»

ለበዓል በግ ስናስር ሣር የምናጭድባት፣ ጥርሷ ያለቀ ማጭድ ከቆጥ ላይ አወረደችልኝና በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ፈቃድ ልጠይቅ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እሱም ቃል ከሰጡት አንዱ ስለሆነ አብረን እንሄዳለን የሚል ተስፋ ነበረኝ። ጉዳዩን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። «ሂድ፣ ሂድ፤ እንዲህ ያለ በጎ ሥራ አይከለከልም። እኔንም ወክለህ እጨድልኝ» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ቡሬ ጉዞ ጀመርሁ። ማጭዷ ጋዜጣውን ቀዳ ጫፏን አወጣች፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጫፏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እስከ ቡሬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። ቡሬ መናኸሪያ ወርጄ ማጭድ የያዘ ሰው ፈለግሁ። ጆንያ የተሸከመ አለ፣ ዶሮ የያዘ አለ፣ ማጭድ የያዘ ከእኔ በቀር የለም። ስልኬን አውጥቼ «እኔ ቡሬ ደርሻለሁ። የት ደረሳችሁ?» ብዬ ጻፍሁ። መልሱ ለጉድ ጎረፈ። «ጀግና!» «በርቱልን!» «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን!» «ፎቶ እንዳትረሳ!» ከአዴት ጓደኞቼን አመጣለሁ ያለው ሰው «ልባችን ከእናንተ ጋር ነው» አለ። እኔ የፈለግሁት እጁን ነበር።

ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ ትንሽ ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ ገባሁ። እናኑ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ከፎቶዋ ታንሳለች፣ ፊቷ ላይ ጭንቀት አለ። ወደ ኋላዬ አየች። ማንም የለም። «ብቻዎትን ነዎት ጋሼ?» አለችኝ። «እየመጡ ነው» አልሁ። ይህን ለምን እንዳልሁ እስካሁን አላውቅም፤ አፌ ፌስቡክ ለምዶ ነው መሰለኝ።

ቤቱ ጋ ስንደርስ ዳስ ተጥሏል። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ሥሩ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ዋንጫው ታጥቦ ተደፍቷል፣ የጠላው ጋን ጥግ ይዞ ቆሟል። የእናኑ እናት እትዬ ጥሩ ሽሮውንና የባቄላ ንፍሮውን በትልልቅ ድስት ጥደው ላባቸውን ይጠርጋሉ። አባቷ አያ ይስማው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከበሩ ላይ ተነሡ። ወገባቸው አልቃና ብሎ፣ በግድ ቆመው፣ ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ።

«እንዴት አደርህ ልጀ? ባለቤትህ ደኅና ናት? ልጆችህ ደኅና? ኸብትህ ደኅና?»

ከብት የለኝም፤ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

«የናትህ ልጅ። አውቄያለሁ፣ እንደማትቀር አውቄያለሁ። ሌሎቹስ?»

«እየመጡ ነው አያ። መንገድ ነው እንግዲህ።»

«ይሁን፣ ይሁን። መንገድ ነው» አሉና ወደ መንገዱ አሻግረው አዩ።

ማሳው ትልቅ ነው። ሰማዩ ላይ ደግሞ ከወደ ምዕራብ የቆሸሸ ደመና አንገቱን አውጥቷል። አያ ይስማው ከላይኛው ጫፍ እንድንጀምር ነገሩን። «ታችኛውን አትንኩት። ያ የናቲ ነው፤ ግማሹን ለኔ ተዉልኝ ብሏል። የሰው ድርሻ ተነክቶ ቢመጣ ቅር ይለዋል።» እናኑ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጤፉን አየሁ።

ጤፍ ማጨድ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ጎንበስ ብሎ በግራ እጅ መያዝ፣ በቀኝ መሳብ ነው፣ በቃ። ችግሩ ጤፉ አጭር ነው፣ እኔ ረጅም ነኝ። መጀመሪያ ጎንበስ አልሁ፣ ቀጥሎ ተንበረከክሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ተቀመጥሁ። ማጭዷ አትቆርጥም፣ ትነቅላለች። ከሥሩ ከነአፈሩ እየመጣልኝ ከጤፉ ይልቅ መሬቱን አረምሁት ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ደግሞ የማትቆርጠው ማጭድ ጣቴን ቆረጠች። እናኑ ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ አሰረችልኝ። እትዬ ጥሩ ድስታቸውን ትተው መጡ፤ ከጎኔ ገብተው፣ አልፈውኝ፣ ተመልሰው በሌላው ጎኔ አለፉኝ። አያ ይስማውም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማየት አልቻሉም። ወገባቸውን በመቀነት ጠፍረው አስረው ገቡ። ሲያጎነብሱ ከጉሮሯቸው የሚወጣው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

በዚህ መሐል አንድ ብልኃት ያገኘሁ መሰለኝ። እናኑን ፎቶ አንሺኝ አልኋትና፣ የታሰረ ጣቴን ወደ ላይ አድርጌ፣ «ማሳው ላይ ነን፣ እየጠበቅናችሁ ነው፣ ዝናቡ ደርሷል» ብዬ ለጠፍሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተወደደልኝ ነገር የለም። ልብ፣ እንባ፣ ጭብጨባ ወረደ። ካናዳ ያለች ሴት አለቀሰች። አንዱ «በቪዲዮ አሳየን» አለ። ሌላው «ማጭዱን በትክክል አልያዝኸውም ወንድሜ» ብሎ ጻፈ፤ ይህኛው ቢያንስ እውነቱን ነው። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ «ኮራሁብህ» አለኝ። ሌሎችም አዲስ ሰዎች «እኛም እንመጣለን» ማለት ጀመሩ። ስልኩን ኪሴ ከተትሁት።

ረፋዱ ላይ ደመናው ሰፋ። አያ ይስማው ማጭዳቸውን ጣል አድርገው ቀና አሉ። ስለ ጤፉ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

«እናኑ፣ በይ ወደ መንገዱ ሂጅ። ሰዎቹ አንድ ነገር አግኝቷቸዋል።»

«ምን ያገኛቸዋል አባ?»

«እንጃ። መኪና ተገልብጦም ይሆናል። ይህን ያህል ሰው ቃል ሰጥቶ ባንድ ቀን እንዴት ይቀራል? ተማሪዎች አሉ አላልሽም? የሰው ልጆች ናቸው፣ በኔ ምክንያት...» አሉ።

ጤፋቸው ሊበላሽ የተቃረበው ሽማግሌ ለፌስቡክ ሰዎች እንቅልፍ ሊያጡ ነው። ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልሁም። መሬት ላይ እንደተቀመጥሁ «አያ፣ ማንም አልተገለበጠም። አይመጡም። መጀመሪያውንም አልተነሡም» አልኋቸው።

«ቃል ሰጥተው የለ?»

«ፌስቡክ ላይ እመጣለሁ ሲሉ፣ አዝኜልሃለሁ ለማለት ነው።»

«ታዲያ አዝኛለሁ አይሉም?» አሉ።

አፈር ቆነጠርሁ። እሳቸውም እንደገና አጎነበሱ። እትዬ ጥሩ ባላቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እኔ ያጨድሁትን ደግሞ ረዘም አድርገው አዩ። ጎረቤቶቹ ማዶ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ናቸው፤ ዘፈናቸው ይሰማል። አያ ይስማው ግን «ሰው አግኝቻለሁ» ብለው ካሰናበቷቸው በኋላ ኑልኝ ሊሉ አይችሉም፤ ሞታቸው ነው። እትዬ ጥሩ ማንንም ሳያማክሩ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው ቁልቁል ወረዱ።

እዚያ ማዶ ሄደው ያሉትን በኋላ ሰማሁ። ስለ ጤፉ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ጠላው ደርሶ ሊኮመጥጥብኝ ነው። ለብዙ ሰው ብየ የጠመቅሁት ነው፤ የሚጠጣልኝ ቸገረኝ» ነው ያሉት። ገበሬ ሲባል ይህን አይነት ንግግር ድሮ ያውቀዋል። የቀረቻቸውን ጥግ አጣደፏትና ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ጠላ ሊጠጡ መጡ። ጠላውን ግን ማንም አልነካውም፤ እየዘለሉ ማሳው ውስጥ ገቡ።

እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጤፉ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስል ነበር። አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ እናኑ ነዶ ትሰበስባለች። እኔ የሠራሁበት ቦታ ሲደርሱ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ቆም ብለው «እዚህ ጋ ደግሞ ምን ገብቶ ነው የጋጠው?» አሉ። አያ ይስማው ሳቁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «የፌስቡኮቹ አለቃ ነው፣ ተዉት» አሉ። እኔም ማጭዴን አስቀምጬ ነዶ ተሸከምሁ፤ ለነዶ እንኳ አላንስም።

ዝናቡ የወረደው የላይኛው በሙሉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ከተሸፈነ በኋላ ነው። ታችኛዋ ጥግ ላይ ግን አልደረስንም። ዳሱ ሥር ቆመን ስትተኛ አየናት። ጥቂት ናት፤ ግን እትዬ ጥሩ ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ጠላው ተቀዳ፣ ሽሮው ቀረበ፣ እንደ እኔ ያለውም እንደ ሰው ተቆጥሮ በላ። እጄ ውኃ ቋጥሮ ዋንጫ መያዝ አቅቶኛል፣ ወገቤ የእኔ አይደለም፤ እንዲህ ሆኜ ደስ ብሎኛል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል፣ ላየው አላሰኘኝም። ጎረቤቶቹ በኮሜንተኞቹ ላይ ሲቀልዱ አያ ይስማው አብረው አልቀለዱም። ወደ እኔ ዘንበል አሉና ቀስ ብለው «ያን ሰሞን ግን ደኅና ተኛሁ» አሉ። «ወገቤን ካመመኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ጤፉን እያሰብሁ። ልጅቱ ያን ሁሉ ቃል ስታነብልኝ፣ ይህን ያህል ወገን አለኝ ብየ ተኛሁ።» ቀልድ ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥለውም «ነገ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ» አሉ።

«ማንን?»

«የቀሩትን። ለደቦ ቃል ሰጥቶ የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ወይ ታሟል ወይ ሞቶበታል። አንተ ያልኸው ላንዳንዱ ይሆናል፣ ለሁሉም ግን አይሆንም።»

ለመንኋቸው። እናኑ ለመነች። እትዬ ጥሩ አልለመኑም፤ ተነሥተው ለበሽተኛ የሚወሰድ ዳቦ ሊጋግሩ ገቡ።

እዚያው አድሬ አርብ ጠዋት አያ ይስማውን፣ እናኑንና በነጠላ የተጠቀለለ ዳቦ ይዤ ቡሬ ገባሁ። የመጀመሪያው ናቲ አንበሳው ነው፤ እናኑ ሱቁን ታውቀዋለች፣ የወንዶች ፀጉር ቤት አለው። ክንዱን ያሳበጠበት ፎቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። አናጋው ነው እውነተኛ ስሙ። የአንድ ደንበኛ ጭንቅላት ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ቀርቶት ነበር። አያ ይስማው ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡና «እንዴት አደርህ ልጀ?» አሉት።

«ደኅና አደሩ አባት፣ ይቀመጡ፣ ተራ አለ።»

«አይ፣ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ምን አገኘህ? አመመህ?»

አናጋው እኔን አየ፣ እናኑን አየ። «ይቅርታ፣ የት ነው የምንተዋወቀው?»

«የጤፉ ነን» አለች እናኑ።

«የቱ ጤፍ?»

እናኑ ስልኳን አውጥታ የጻፈውን አሳየችው። አነበበው። የራሱን ቃል ሲያነብ ጆሮው ቀላ። መላጫው እጁ ላይ እየጮኸ ቀረ።

«ደኅና ነህ ወይ?» አሉ ሽማግሌው እንደገና።

«ደኅና ነኝ አባቴ።»

«እናትህስ? ቤተሰብ ደኅና?»

«ሁሉም ደኅና ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ከልባቸው ነው፤ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። ዳቦውን ከቅባት ጠርሙሶቹ መሐል አስቀመጡለት። «ድርሻህን ጠብቀንልህ ነበር፤ ታችኛዋን፣ አንድም ሰው እንዳይነካት ብየ። ምን ይደረግ፣ ዝናቡ ወሰዳት። አደራህን፣ እንዳትቀየመን።»

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ እንኳ በመስታወቱ ውስጥ አናጋውን ማየት ጀመረ። አናጋው መላጫውን አጠፋ። ዳቦውን ያያል። ያ ሁሉ ክንድ የት እንደሚገባ ቸግሮት ነበር። አያ ይስማው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ወገባቸውን ደግፈው፣ በግድ ተነሡ። «በይ እናኑ፣ ቀጥሎ የሽንዲውን መምህር እንጠይቅ። ተማሪዎቹ ደኅና መሆናቸውን ሳልሰማ አልመለስም።»

አናጋው ከበሩ ደረሰባቸው። ፎጣው ትከሻው ላይ ነው። «አባቴ፣ አልታመምሁም። ረስቼው ነው። ጻፍሁ፣ ደስ አለኝ፣ ረሳሁት» አለ። እኔ ልል ያልቻልሁትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

«ሰው ይረሳል» አሉ አያ ይስማው።

«ውቂያው መቼ ነው?»

«ሲደርቅ። ኸገና በፊት አንድ ሰኞ ነው እንግዲህ።»

«እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው ዓይን ዓይኑን አዩት። ቁጣ የለበትም፣ ልመና ነው የሚመስለው።

«እመጣለሁ አትበለኝ ልጀ» አሉ። «ና።»

የውቂያው ዕለት ብርቱካንን ይዤ ሄድሁ፤ እሷ ማጨድም መውቃትም ታውቃለች፣ ለካ አልጠየቅኋትም እንጅ። አውድማው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጥቷል፣ አናጋው ከእኛ ቀድሞ ከበሬዎቹ ኋላ ይዞራል። የቆመው ፀጉሩ ገለባ በገለባ ሆኗል። አያ ይስማው ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ወገባቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ያዩታል። ማንም ምንም ሳይጽፍ ያን አርብ ሄደን የጠየቅነው የሽንዲው መምህርም ከተማሪዎቹ ሦስት አራቱን ይዞ መጥቷል። ይህንን ሳይ እጄ ለምዶበት ስልኬን አወጣሁና «አናጋው፣ አንድ ጊዜ ቁም፣ ፎቶ ላንሣህ» አልሁት።

«ተወኝ እባክህ፣ በሬዎቹ ይቆሙብኛል» አለ ሳይዞር። «ይልቅ መንሹን አቀብለኝ።»

አቀበልሁት።